በታንኳ እመጣለሁ ብዬ የተሳልኩ ጊዜ

ልጄ በሕይወት መኖሩን የሰማሁት ጅማ መርካቶ፣ ክርና መርፌ ከምሸጥባት ሱቄ ደጃፍ ቆሜ ለአንዲት ደንበኛ ዚፕ ስመርጥላት ነው። ወሬውን ያመጣው ከሰርቦ የመጣ፣ ክንዱን በፋሻ ያንጠለጠለ ወጣት ነበር።

“የደሳለኝ እናት እርስዎ ነዎት?” አለኝ።

ዚፑን አስቀመጥኩት። ጦርነቱ ቆመ በተባለበት በዚያ ክረምት፣ የልጄን ስም የሚጠራ የማላውቀው ሰው ሁሉ መርዶ ይዞ የመጣ ይመስለኝ ነበር።

“ነኝ” አልኩት።

“ሆስፒታል አልጋችን ጎን ለጎን ነበር። ሰላም በልልኝ ብሎኛል።”

“መቼ ነው ያለህ?”

“ሰሞኑን ነዋ፣ እናቴ። አለ። ይበላል፣ ካርታ ይጫወታል፣ ሲሸነፍ ይሳደባል።” ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ግራ እግሩ ግን ከጉልበቱ በታች የለም። ድንገት አይተውት እንዳይደነግጡ ብዬ ነው። በቅርቡ ይለቁታል።”

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ደንበኛዬ “እልል በይ እንጂ!” አለችኝ። አቃተኝ። ያን ጊዜ ቀድሞ ልቤ ውስጥ የገባው ደስታውም የእግሩ ነገርም አልነበረም፤ ስለቴ ነበር። እመቤታችን የእሷን ፈጽማለች። የቀረው የእኔ ነው። የእኔው ደግሞ ጅማ ከተማ ላይ ማንም አድርጎት የማያውቅ ነገር ነበር።

ነገሩ እንዲገባችሁ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። የተወለድኩት ዘጌ፣ ጣና ዳር ነው። አባቴ በታንኳ ማገዶ እየጫነ ባሕር ዳር ወስዶ የሚሸጥ ሰው ነበር። ወንድ ልጅ ስላልነበረው፣ ታንኳ ሲያስር ደንገሉን፣ የውሃ ዳር ሸምበቆውን፣ የማቀብለው እኔ፣ ሲቀዝፍ ከጀርባው የምቀመጠው እኔ። ሲደክመው መቅዘፊያ ቀርከሃውን ለእኔ ይሰጠኛል፤ ሰው ወዳለበት ዳርቻ ስንቃረብ ደግሞ መልሶ ይቀበለኛል። ሴት ስትቀዝፍ መታየቷ አያምርም ይላሉ። ኋላ የሊሙ ገነት ቡና እርሻ ሾፌር አገባኝና ይዞኝ ወደዚህ መጣ። እሱ ሲሞት ልጄን ይዤ ጅማ ገባሁ።

ጠንቃቃ ሴት ነበርኩ። ሰው ቤት ስገባ ከበሩ አጠገብ እቀመጣለሁ። መንገድ ላይ ሰው ከመጣ ጠርዙን የምይዘው እኔ ነኝ። አገሬ አይደለም እያልኩ በሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። ስለትም ቢሆን ለክቼ ነበር የምሳለው፤ ጧፍ ከሆነ ጧፍ፣ መጋረጃ ከሆነ መጋረጃ።

ይኸኛው ግን ሳልለካው ወጣ። የአንዲት ጎረቤታችን ልጅ መርዶ በተነገረ ማለዳ፣ ከለቅሶው ቤት ወጥቼ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጥኩ። ያ ደብር ከሰርቦ በኩል ለሚመጣ መንገደኛ የከተማው ምልክት ነው፤ ጉልላቱ ከሩቅ ብልጭ ሲል አውቶቡስ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዕቃውን መሰብሰብ ይጀምራል። ግንባሬን የቅጥሩ በር ላይ አስደግፌ፣ “እመቤቴ፣ ልጄን ከመለስሽልኝ ከእሱ ጋር በታንኳ መጥቼ ደጅሽን እስማለሁ” አልኩ። የት አገር እንደቆምኩ ትዝ ያለኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

ዘጌ ላይ ይህ ተራ ስለት ነው። በደሴት ላይ ያሉት ገዳማት ያለ ታንኳ አይደረስባቸውም። ሴት የማትገባባቸውም አሉ። እናቴ ወደ እንዲህ ያለው ገዳም ስለት ስታስገባ ወንዶቹ ተሸክመው ይወርዳሉ፤ እሷ ታንኳው ላይ ትቀርና “ጉልላቱ ወደሚታይበት አዙሩኝ” ብላ ከውሃው ላይ ትሳለማለች። እኔም አጠገቧ ተንበርክኬ እሳለማለሁ። ጸሎት የተማርኩት እንደዚያ ነው፤ ከሥሬ ውሃ እየተንቀሳቀሰ። የጨነቀው ሰው ደግሞ በልጅነቱ በተማረው አፍ ነው የሚለምነው። ሰዎች በኋላ ስህተት ነው አሉኝ። እኔ ስህተት ብዬው አላውቅም።

ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ሳቁ። ደግ ሰው ናቸው፤ የሳቁትም በክፋት አልነበረም።

“ልጄ፣ ጅማ ላይ ታንኳ ከየት ይመጣል? የአዌቱ ወንዝ እንኳን ታንኳ፣ ዳክዬም አይሸከም።”

“ታች ከቦዬ ጋር ሲገናኝ ይሰፋል፣ አባቴ። ክረምቱም ገና አልወጣም፣ ውሃው ሙሉ ነው።”

“ቦዬ ረግረግ ነው። ጉማሬ አለበት። በይ፣ እኔ ፈትቼሻለሁ። አንድ ጥላ አስገቢ፣ ልጅሽን በጋሪ ይዘሽው ነይ፣ አለቀ።”

“እርስዎ ቢፈቱኝም፣ እሷ የሰማችኝ ጥላ ስል አይደለም።”

ፈገግታቸው ጠፋ። “ከካህን ጋር ልትከራከሪ ነው?”

“አልከራከርም፣ አባቴ። እነግርዎታለሁ እንጂ።”

“ጣና ዳር ያደገ ሰው ደረቅ ነው ሲሉ እሰማ ነበር።”

“ውሃ ዳር አድገን እንዴት ደረቅ እንሆናለን?” አልኳቸውና መስቀላቸውን ተሳልሜ ወጣሁ። ለካህን እንዲህ ስመልስ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ልጄ ነሐሴ ሊያልቅ ሲል መጣ። ጎረቤቱ ሁሉ “እንኳን ለቤትህ አበቃህ” ሊለው ሲገባ ጋቢውን እስከ ወገቡ ስቦ ይሸፍናል። የትምህርት ቤት ጓደኞቹ ሲመጡ “የለም በያቸው” አለኝ። ውሸት ስለማልችል “አለ፣ ግን የለም ብሏችኋል” ብዬ መለስኳቸው። ሳቅ ይላል ብዬ ነበር፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቀን ከቀን እንደዚያው ነበር። ከሞት የተመለሰልኝ ልጅ እዚያች አልጋ ላይ እያየሁት ሊጠፋብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ስለቴን የነገርኩት ያን ጊዜ ነው።

“ስለት አለብን” አልኩት።

“እኔ አልተሳልኩም።”

“አንተንም አስገብቼ ነው የተሳልኩት።”

“ምንድን ነው፣ በግ ነው?”

“ታንኳ ነው።”

ከመጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብሎ አየኝ። “እማ፣ ደህና ነሽ?”

አንድ በአንድ ነገርኩት። እስክጨርስ ጠበቀኝ። “ከተማው ሁሉ እንዲስቅብኝ ነው? ደግሞ ዋና አልችልም። ሁለት እግር እያለኝም አልችልም ነበር።”

“እኔ እችላለሁ።”

“አልሄድም፣ እማ።”

“እሺ። እኔ ታንኳዬን አስራለሁ። የመስከረም ሃያ አንድ በዓል ሲደርስ ያኔ እምቢ ትለኛለህ።”

ጎረቤቴ አዴ ሩቂያ ጨርቅ ሻጭ ናት፤ መርካቶ ሱቃችን ጎን ለጎን ነው። ስነግራት መጀመሪያ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ግን ሻሿን አስተካከለች። “ወላሂ፣ እኛም ጋ ነዝር ከሆነ ቀልድ የለውም። የተናገርሽውን ነው የምትከፍይው፤ የቀለለሽን አይደለም።” በማግስቱ ወደ ታላቅ ወንድሟ ወደ አባ ፊጣ ወሰደችኝ። አባ ፊጣ ከቦዬ ዳር ፊላ እያጨዱ ለቤት ክዳን የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው።

“ማሎ!” አሉ የምፈልገውን ሲሰሙ። “ይሄ እኮ የቤት ሣር ነው፣ ሴትዮ። ውሃ ላይ ካደረ ይበሰብሳል።”

“አላሳድረውም፣ አባ ፊጣ። ግማሽ ቀን ከተሸከመኝ ይበቃኛል።”

“ሮቢውስ?” ጉማሬውን ነው። “እኔ እዚህ ነው ያረጀሁት። ሮቢ ያለበት አልገባም። አንቺ ሴት ነሽ፣ ልጁ እግር የለውም።”

አዴ ሩቂያ በኦሮምኛ ተቆጣቻቸው። ፈጥና ስለተናገረች ነዝር የሚለውንና የእናታቸውን ስም ብቻ ለየሁ። ሽማግሌው ጭንቅላታቸውን አከኩ። “ጠዋት ጠዋት ሮቢው ላይኛው ኩሬ ነው” አሉ በመጨረሻ። “ወንዙ በሚገባበት በታችኛው ቦይ ብትሄጂ ይሻላል። ቢሆንም አላህ ነው የሚያውቀው።”

ፊላው በጋሪ መጣልኝ፤ ግቢዬ ውስጥ አደረቅሁት። ለማሰሪያ የእንሰት ቃጫ ገመድኩ። አባቴ ደንገሉን ሲያስር ጉልበቱን ተክሎ፣ ጥርሱን ነክሶ ነበር የሚስበው፤ እኔም እንደዚያው። ሴቶቹ በአጥሩ ላይ ብቅ እያሉ ያዩኛል።

“ኖኅ ዘንድሮ ሴት ሆኖ መጣ እንዴ?” አለች አንዷ። “ለእኔም ቦታ ያዢልኝ።”

“ኖኅ የጫነው ጥንድ ጥንድ ነው፤ ባልሽን ይዘሽ ነይ” አልኳት። ባሏ ከቤት ከወጣ መመለሻው የማይታወቅ ስለነበር አጥሩ ላይ ያሉት ሁሉ በእሷ ሳቁ። እንዲህ ያለ አፍ እንዳለኝ አላውቅም ነበር።

ደሳለኝ በሩ ላይ ተቀምጦ ያየኛል። አንድ ቀን ትልቁን እስር ስስብ ገመዱ እያዳለጠ ሦስቴ ተፈታብኝ።

“እንደሱ አይጠብቅም” አለ ከጀርባዬ። “ጫፉን ወዲህ አቀብይኝ።”

በመቀመጫው እየተሳበ መጥቶ፣ ወታደር ቤት የተማረውን ቋጠሮ ቋጠረው። ከዚያ የሚቀጥለውን። ጋቢው ደጃፉ ላይ ወድቆ ቀርቷል፤ አጥሩ ላይ ያሉት ሴቶች እግሩን እያዩት ነው፤ እሱ ግን ገመዱን ነው የሚያየው። ስለ በዓሉ ሁለታችንም አላነሳንም።

በበዓሉ ጠዋት አባ ፊጣ ከዘመዶቻቸው ጋር ታንኳዋን ተሸክመው ወደ ቦዬ ወሰዱልን። ውሃው ላይ ስትቀመጥ ዝቅ አለች፤ ዝቅ አለችና ቆመች። ቀድሜ ገባሁ። ደሳለኝን ደግፈው አስገቡት። ከፊት ተቀመጠ፤ ነገር ግን ፊቱን ወደ እኔ፣ ጀርባውን ወደምንሄድበት አድርጎ።

“ዙር እንጂ” አልኩት።

“ሰው ሲስቅ ማየት አልፈልግም። በጀርባዬ ይሳቁ።”

ቀርከሃውን ጭቃው ላይ ተክዬ ገፋሁ። ክንዴ ያስታውሳል። አባ ፊጣ በዳርቻው እየተከተሉ “ሂን ሶዳቲን!” ይሉኛል፤ አትፍሪ ማለታቸው ነው። እሳቸው ግን ፈርተዋል፤ ከድምፃቸው ያስታውቃል። ትንሽ ቆይቶ ረግረጉ መንገዳቸውን ዘጋውና ድምፃቸውም ቀረ።

ቦዩ ጠባብ ነው። ፊላው በግራም በቀኝም ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ከተማው አይታይም። ከፊታችን ወንዙ ይታጠፋል፤ ከመታጠፊያው ላይ ባሕር ዛፍ ጉልላቱን ይጋርዳል። እጥፋቱን ካለፍን እናየዋለን። ከዚያ የሚቀረው ወደ ዳር ወጥቶ መሄድ ነው። ውሃ ከሥራችን እየሰረገ ቀሚሴን አረጠበው።

ቦዩ ከወንዙ ወደሚጋጠምበት ስንቃረብ ፊቱ ተለወጠ።

“እማ፣ ቀርከሃውን አታንሺው።”

“ምንድን ነው?”

“ወደ ኋላ አትዪ። እንዳለሽ ሁኚ።”

ከጀርባዬ ትንፋሽ ሰማሁ። የጆንያ አፍ ሲፈታ እንደሚወጣ አየር ያለ፣ እርጥብና ከባድ። ታንኳዋ ተነቃነቀች። “ሰላም ለኪ” ብዬ በልቤ ጀመርኩ፤ ከዚያ አላልፍ አለኝ። ያየሁት የልጄን ፊት ብቻ ነው። ፈርቶ አልነበረም። ዓይኑን ከጀርባዬ ካለው ነገር ላይ ሳይነቅል፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው በዝግታ ያናግረኛል።

“አይቶናል። ዝም በይ። ጆሮውን እያራገፈ ነው። ወደ ግራ ዞረ። አትተንፍሺ እማ፣ ትከሻሽ እየተነሳ ነው። እሺ። ሄደ። ፊላው ውስጥ ገባ። አሁን ቀስ ብለሽ።”

ይህ ልጅ ከጦር ሜዳ የመጣ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ የማውቀው ሆስፒታል እንደቆየ ብቻ ነበር።

ቀርከሃውን ልነቅል ብል ክንዴ እምቢ አለ። ታንኳዋ ወንዙ ወደሚወስዳት፣ ወደ ኋላ፣ ፍጥረቱ ወደገባበት በኩል መንሸራተት ጀመረች።

“ስጪኝ” አለ።

“ጀርባህን ሰጥተህ እንዴት…”

“እዞራለሁ። ስጪኝ።”

በሁለት እጁ ጠርዙን ይዞ፣ የቀረችውን እግሩን ከሥሩ አጥፎ ዞረ። ቀርከሃውን ተቀበለኝ። መጀመሪያ ፊላው ውስጥ ነዳን። ቀጥሎ ክብ ዞርን።

“በግራ ግፋ። ተወው፤ አሁን በቀኝ። ጠልቆ ይግባ…”

“እማ፣ አባዬ ሲነዳም እንዲህ ትይው ነበር?”

“እሱም አይሰማኝም ነበር።”

ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አለቀሰ ብዬ ደነገጥኩ፤ እየሳቀ ነበር። እየሳቀ ገፋ። ውሃው መንገድ ሰጠው። እጥፋቱን ዞርን።

“እማ” አለና ቀርከሃውን ያዘው። “ያ ነው?”

ያ ነበር። ባሕር ዛፉ ወደ ጎን ሄዶ፣ ጉልላቱ ከነመስቀሉ ጠዋት ፀሐይ ላይ ወጥቷል። ከሥሩ በዓል ያለበሰው ሕዝብ ወደ ላይ ሲወጣ ይታያል። ስንት ጊዜ በሥሩ አልፌያለሁ፤ አንገቴን ደፍቼ ስለምሄድ ሙሉውን አይቼው አላውቅም ነበር። ረጅም ምስጋና አዘጋጅቼ ነበር። እርጥቡ ፊላ ላይ ተንበርክኬ “መጣን” ብቻ አልኩ።

ልጄ አላማተበም፤ አማተበ ብዬ አልዋሽም። ኮፍያውን ግን አወለቀ።

“ከዚህ ሲታይ ትንሽ ናት” አለ።

“ደጇ ስንደርስ ታድጋለች።”

ዳርቻው በሰው ተሞልቷል። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ደርሷል። የኮሌጅ ተማሪዎች ያፏጫሉ፣ ነጭ የለበሱ ሴቶች አፋቸውን በነጠላ ይዘው ይስቃሉ፣ አንዱ “መርከበኛው መጣ!” ይላል። ደሳለኝ አንገቱን አልደፋም። እየቀዘፈ በሰዉ ሁሉ ፊት ገባ። ታንኳዋ ጭቃውን ስትነካ እልልታውን የጀመረችው አዴ ሩቂያ ናት፤ ሌሎቹ ከእሷ ተቀበሉ። የንስሐ አባቴ ቀሚሳቸውን ከጭቃው ሰብስበው ቆመዋል።

“ደረስሽ?” አሉኝ።

“ገና ነን፣ አባቴ። ደጁ ይቀረናል።”

መስቀላቸውን አወጡና መጀመሪያ ልጄን አሳለሙት። አንድ ባለጋሪ “በነጻ ላድርሳችሁ፣ ኑ ውጡ” አለን። ደሳለኝ ክራንቹን ብብቱ ሥር አስገባ። “ስለቱ በታንኳና በእግር ነው” አለው።

“እግር የሚለውን እኔ አላልኩም” አልኩት በጆሮው።

“እኔ ጨምሬበታለሁ። የእኔ ድርሻ ነው።”

ዳገቱን ወጣው። እየቆመ፣ ላቡን እየጠረገ፣ የሚደግፈውን ሰው ሁሉ እጅ እየመለሰ ወጣው። ደጁን ሳምን።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ ብትሉኝ፣ እግሩ አልበቀለም። ክረምት ሲገባ አሁንም ያመዋል፤ ይነጫነጫል። ነገር ግን ከዚያ ቀን በኋላ ሰው ሲመጣ ጋቢ ስቦ አላየሁትም። ዛሬ አጋሮ ላይ ሬዲዮና ቴፕ ይጠግናል፣ ልጆችም አሉት። እኔም ሰው ቤት ስገባ ከበሩ አጠገብ መቀመጥ ትቻለሁ። ይህን ያህል ዘመን እንግዳ ነኝ እያልኩ የኖርኩበት ከተማ ውስጥ፣ አንድም ሰው ሳላስፈቅድ፣ በአገሬ ልማድ የአገሬን ስለት ከፍያለሁ። የከፈልኩበት ሣር ግን የጅማ ነው፤ ቃጫውም፣ ያበረታችኝ ጎረቤቴም። እናንተም ከጭንቀታችሁ ውስጥ የወጣ ቃል ካለባችሁ፣ ብልህ ነን የሚሉ በርካሽ እንዳያስለውጧችሁ።

ለመጻፍ የተነሳሁት ግን በሌላ ምክንያት ነው። ባለፈው ወደ አጋሮ ስሄድ መኪና ውስጥ አንድ ሰው ይህንኑ ታሪክ እኔን ሳያውቀኝ አወራልኝ። እመቤታችን ታንኳዋን ከጉማሬ አፍ እንዳነሳቻት፣ እናትየዋ ስንኩል ልጇን እንደ ሕፃን ጭና፣ እየቀዘፈች ከዳር እንዳደረሰችው። “ምስኪን፣ ጥቅልል ብሎ ተኝቶ ነበር አሉ” አለኝ። ሰውዬው አላየም፤ ከሰማው ነው ያወራው። እመቤታችን ያደረገችውን እኔ አውቃለሁ፤ ያደረገችው ግን በልጄ ክንድ ነው።

ስለዚህ በዚያ በዓል ጠዋት ቦዬ ዳር የቆማችሁ ሁሉ፣ ያፏጫችሁትም፣ የሳቃችሁትም፣ እልል ያላችሁትም፣ ቅያሜ የለኝም። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። እናንተ በዓይናችሁ አይታችኋል፤ እናት ስትናገር አትታመንም። ነገሩ በተነሳበት ሁሉ፣ ከፊላው መሃል ስንወጣ ማን ተቀምጦ ማን ይቀዝፍ እንደነበር ተናገሩ።